ሆቢ ሲኤንሲ ወይስ የኢንዱስትሪ? የወርክሾፓችን የማሽን ምርጫ ማስታወሻ

መስከረም 2017

ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር እየተመራ የሚቆርጥ ማሽን፣ ማየት ከመጀመራችን በፊት ስራውን ደርድረን አየነው፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የምትሰማው ክርክር ሁሉ "ሆቢ ማሽን ለስራ አይረባም" በሚልና "ለምን ያን ሁሉ ሚሊዮን ታወጣለህ" በሚል ሰው መሀል ነው፣ ሁለቱም ግን ምን እንደምትሰራ አይጠይቁህም። እኛ ጋ በተደጋጋሚ የሚመጣው ስራ ሶስት አይነት ነው። አንደኛው የማሸጊያ ማሽን ጃው፣ ያ ሽሮ በርበሬ ቆሎ ምናምን የሚታሸግበትን ፕላስቲክ በሙቀት ጨፍልቆ የሚዘጋው ጥርስ ያለው ቁራጭ፣ ብዙ ጊዜ ከብራስ አንዳንዴም ከስቲል ይሰራል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገጥሙ ጥርስ ለጥርስ ካልገባ ከረጢቱ ይተነፍሳል፣ ደንበኛው በማግስቱ ይዞት ይመጣል። ሁለተኛው ለሻምፖና ለፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ የሚሆን የአሉሚኒየም ብሎው ሞልድ፣ ፕላስቲኩ በአየር ተነፍቶ ቅርፅ የሚይዝበት። ሶስተኛው የክዳን ሞልድ፣ እሱ ስቲል ነው፣ ፒ20 የሚባለው ከፋብሪካው በጥንካሬ መለኪያ ወደ 30 ሮክዌል ጠንክሮ የሚመጣው።

እስካሁን ጃውን የሚሰሩት አንጋፋው ባለሙያችን ጋሼ ናቸው፣ በእጅ ፍሬዛ፣ እጀታውን እየቆጠሩ ጥርስ በጥርስ። እጃቸው ላይ እንከን አይወጣለትም፣ ግን አንድ ጥንድ ሲያልቅ ቀኑም አብሮ ያልቃል። ሞልዶቹ ደሞ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ቅርፅ ስላላቸው በእጅ የማይታሰቡ ናቸው፣ ሲኤንሲ ላላቸው ሰዎች ሰጥተን ወረፋ እንጠብቃለን፣ ደንበኛው ግን የሚያውቀው እኛን ነው፣ ስልክ የሚደውለውም ለኛ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ከሶስቱ ቢያንስ ሁለቱን እዚሁ ሼዳችን ውስጥ፣ ባለን መብራት፣ እኛው ጠግነን የምናኖረው ማሽን የቱ ነው።

ጥቅምት

ሆቢ የሚባለው ራሱ ብዙ ደረጃ አለው። ከታች 3018 አለች፣ 30 በ18 ሴንቲ የምትሰራ፣ 775 የሚባል ትንሽ የዲሲ ሞተር ስፒንድል (ስለቱን የሚያዞረው ክፍል) ያላት፣ ቀጭን ቲ8 ስክሪው፣ አእምሮዋ አርዱዪኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ የሚሮጠው ግርብል። ግርብል ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ እና ዛሬ ሲኤንሲ የሚያውቅ ወጣት ሁሉ ማለት ይቻላል በሱ በኩል ነው የገባው። ማሽኗ 200 ዶላር አካባቢ ናት። ዜሮ መያዝ ማለትም ስራው ከየት እንደሚጀምር ለማሽኑ ማሳየት፣ ማሽኑ የሚታዘዝበትን ጂ ኮድ ማንበብ፣ ካተር ማለትም የሚቆርጠው ስለት ሲሰበር ለምን እንደተሰበረ ማወቅ፣ ይሄን ሁሉ በዚህ ዋጋ ማስተማሯ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ለማንም ተማሪ እመክራታለሁ። እንጨት፣ አክሪሊክ፣ የሰርኪዩት ቦርድ ትሰራለች። የኛን ሶስት ስራ ግን አትነካም።

ከሷ በላይ 6040 አለ። 60 በ40 ሴንቲ፣ 1605 ቦል ስክሪው ማለትም 16 ሚሊ ውፍረትና በአንድ ዙር 5 ሚሊ የሚሄድ፣ 2.2 ኪሎዋት በውሃ የሚቀዘቅዝ ስፒንድል በደቂቃ እስከ 24,000 ዙር፣ ካተሩን የሚጨብጥ ኢአር20 ኮሌት። ማስታወቂያ የሚሰራ ጓደኛዬ አለው፣ ከሰራተኛው ጋር አምጥቶ ሼዳችን ውስጥ አስቀመጠልን፣ "እስክትጠግቡ ሞክሩት" ብሎ። እግዜር ይስጠው፣ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ በሱ ደግነት የተገኘ ነው።

በመሀል ደሞ ቶርማክን የመሳሰሉ ትናንሽ የካስት አይረን ማለትም ቀልጦ በቅርፅ የፈሰሰ ብረት ማሽኖች አሉ፣ አሜሪካ ያሉ ልጆች ጋራዣቸው ውስጥ በነጠላ ፌዝ የሚያሰሯቸው። ጥሩ ናቸው። ለኛ ግን አዲስ አስመጥተን በዚያ ዋጋ ያገለገለ የኢንዱስትሪ ማሽን የምናገኝ ስለሆነ ወደ ጎን ትተናቸዋል።

ጥቅምት መጨረሻ

ይሄኛው ረጅም ነው ግን የሁሉም ነገር መሰረት ስለሆነ ታገሱኝ።

ካታሎግ ላይ ሁሉም ማሽን "ትክክለኛነት 0.05" ወይ "0.02" ይላል። ያ ቁጥር ማሽኑ ባዶውን ሲሄድ ነው። ካተሩ ብረት ሲነካ ብረቱም መልሶ ይገፋዋል፣ ማሽኑ በዚያ ግፊት ስንት ይሸሻል የሚለውን የሚፅፍ ካታሎግ አላየሁም። መለካቱ ግን ቀላል ነው። ዳያል ጌጅ፣ የሚሊ መቶኛ የሚያሳየውን ባለ ጠቋሚ መለኪያ፣ በማግኔት ቤዙ ጠረጴዛው ላይ አቆምን፣ ጫፉን ስፒንድሉ አፍንጫ ላይ አስደገፍን፣ በሌላ በኩል የእህል መመዘኛ ተንጠልጣይ ሚዛን በገመድ አስረን 10 ኪሎ እስኪል ሳብን። 10 ኪሎ ማለት ወደ 100 ኒውተን ነው፣ መካከለኛ ካተር ብረት ውስጥ ሲገባ የሚደርስበት አይነት ግፊት።

6040ው በኤክስ በኩል 0.12 ሚሊ ሄደ፣ በዋይ በኩል ትንሽ ያነሰ። የተማሪዎች 3018 ላይ ደሞ ሞክረን ነበር፣ ጠቋሚው ግማሽ ሚሊ አልፎ ስለሄደ አቆምነው። ከዚያ ያንኑ ሚዛን ይዘን ወደ ጋሼ አሮጌ ፍሬዛ ዞርን፣ 0.015። ጋሼ መነፅራቸውን አውርደው ጠቋሚውን ራሳቸው አነበቡትና "እንግዲህ ይሄ ብረት ዝም ብሎ አይደለም የከበደው" አሉ።

ለምን እንደሆነ ግልፅ ነው። 6040ው ላይ ስፒንድሉን የተሸከመው ድልድይ ውስጡ ባዶ የሆነ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ነው፣ አሉሚኒየም ደሞ በተመሳሳይ ውፍረት ከስቲል በሶስት እጥፍ ገደማ ይለመጣል። ከስር ያሉት ክብ ሀዲዶችና ክፍት ኩሽኔታዎቻቸው የራሳቸውን ይጨምራሉ። ካስት አይረን ደሞ ከስቲል ያነሰ ግትር ቢሆንም ንዝረት ይውጣል፣ በዚያ ላይ ወፍራም ተደርጎ ይፈስሳል፣ ስለዚህ የኢንዱስትሪ ማሽን ማለት መጀመሪያ ክብደት ነው፣ ሞተሩና ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ግን ይሄን አይታችሁ 6040ን አትጣሉት። አሉሚኒየም ላይ ስናስገባው በደንብ ቆረጠ። 6 ሚሊ ባለ ሁለት ጥርስ ካርባይድ፣ 18,000 ዙር፣ በጥርስ 0.04 ሚሊ፣ ስታባዙት በደቂቃ 1440 ሚሊ ፊድ ማለትም ካተሩ ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት ነው፣ ጥልቀቱን ግማሽ ሚሊ አካባቢ ይዘን። ሚስጥሩ ፊዱን አለመቀነስ ነው። ሰው ይፈራና ፊዱን ሲያወርድ ካተሩ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል፣ አሉሚኒየሙ ይሞቃል፣ ጥርሱ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ካተሩ ሄደ። ነጭ ጋዝ በብሩሽ ትንሽ ትንሽ መቀባት በጣም ይረዳል፣ ድሮም ቶርኖ ላይ የምናደርገው ነው፣ ግን ስስ አድርጋችሁ፣ በኮምፕረሰር እንዳትረጩት፣ የነጭ ጋዝ ጭጋግና የሞተር ብልጭታ ባንድ ክፍል አይሆንም። ፍቅፋቂውን በአየር ማስወጣት ደሞ ግዴታ ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ፍቅፋቂ ዳግም ሲቆረጥ ነው ካተር የሚበላው።

አሉሚኒየሙ ራሱ ይለያያል። ከምናለሽ ተራ የምንገዛው ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ አንዱ ቁራጭ ደረቅ ያለ ቅይጥ ይሆንና ፍቅፋቂው እየተሰባበረ ይወጣል፣ ሌላው ለስላሳ ሆኖ እንደ ማስቲካ ይለጠፋል። ለሞልድ የሚሆነውን 6061 ወይ 7075 የሚባለው ቅይጥ መሆኑ ከታወቀ ቦታ ነው መግዛት ያለብን፣ ይሄ የማሽን ምርጫ አይደለም ግን ማሽኑ ያለ ጥፋቱ እንዳይወቀስ ነው የምፅፈው።

የብራስ ጃውም ሞከርን። ጥርሶቹ አማሩ፣ ለአይን ምንም አይወጣላቸውም። ሁለቱን ገጥመን በመሀላቸው ካርቦን ወረቀት አስገብተን ስንጫን ግን ምልክቱ መሀሉ ጠቆረ ዳርና ዳሩ ሳሳ። ድልድዩ መሀል ላይ ሲደርስ የሚሸሸው ያ መቶኛ ሚሊ ነው እዚያ የታየው። አንድ ቀለል ያለ የፊኒሽ ማለትም የማለስለሻ ዙር ስንጨምርበት ተስተካከለ፣ ጊዜው ግን ረዘመ።

ህዳር

ስቲል። ይሄ አጭር ነው።

10 ሚሊ ባለ አራት ጥርስ ካርባይድ ስቲል ውስጥ በደቂቃ 100 ሜትር እንዲሄድ 3,200 ዙር አካባቢ ይፈልጋል። የ6040ው ስፒንድል 2.2 ኪሎዋት የሚሰጠው 24,000 ዙር ላይ ነው፣ ያ ማለት ቶርኩ፣ የማዞር ኃይሉ፣ 0.9 ኒውተን ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ዙሩን ወደ 3,200 ስታወርዱት ቶርኩ አይጨምርም፣ ጉልበቱ ግን ወደ 300 ዋት ይወርዳል። ለማነፃፀር የሀስ ቪኤፍ 2 ማሽን 2,000 ዙር ላይ 122 ኒውተን ሜትር አለው። ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ስቲል ለተመሳሳይ ፍቅፋቂ ከአሉሚኒየም ሁለት ተኩል ሶስት እጥፍ ይገፋል፣ ማሽኑ ደሞ ሲገፋ እንደሚሸሽ አይተናል። ትንሽ ካተር ይዛችሁ በጣም ስስ እየላጣችሁ መቁረጥ ይቻላል፣ ቪዲዮውም አለ፣ ለክዳን ሞልድ ግን አይሆንም።

ሌላ የማይወራለት ነገር፣ የሆቢ ማሽን ስቴፐር ማለትም በትንንሽ እርምጃ የሚዞሩ ሞተሮች ብዙዎቹ የት እንዳሉ ለኮምፒውተሩ አይነግሩትም። ካተሩ ሲይዘው ሞተሩ ጥቂት እርምጃ ይስታል፣ ኮምፒውተሩ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ይቀጥላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስራ ሁሉ ተንሸራትቶ ነው የሚቆረጠው። የኢንዱስትሪው ሰርቮ ሞተር ግን የት እንዳለ የሚናገር ኢንኮደር አለው፣ ከተፈቀደው በላይ ከዘገየ አላርም አውጥቶ ይቆማል። ለአንድ ሰዓት ስራ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚሄድ ሞልድ ግን እንቅልፍ የሚሰጠው ይሄ ነው።

ህዳር መጨረሻ

ቃሊቲ ቪኤምሲ፣ ማለትም ስፒንድሉ ቀጥ ብሎ የቆመ የኢንዱስትሪ ሲኤንሲ፣ ያለው የስራ ባልደረባ ጋ ሄድን፣ ከጋሼ ጋር። ባለ ቢቲ 40 (የካተር መያዣው የሆልደሩ ልክ ነው)፣ ክብደቱ ከ3 ቶን በላይ፣ 20 ቱል የሚይዝ። ፒ20 ስቲል እየቆረጠ ነበር፣ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው፣ ጩኸት የለውም፣ ወፍራም ፍቅፋቂ እየጣለ በኩላንት ማለትም በማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየታጠበ ዝም ብሎ ይሄዳል። ጋሼ ለረጅም ጊዜ በመስታወቱ ቆመው አዩትና ባለቤቱን አንድ ነገር ጠየቁት።

"ይሄ ሲቆም ማነው የሚያነሳው?"

"ጋሼ፣ እሱ ነው ዋናው ጥያቄ" አለ ሰውየው፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ነገረን፣ ምስጋና ይግባው። ማሽኑ የሚበላውን ነው የነገረን። ባለ 3 ፌዝ 380 ቮልት፣ ቋሚ ኮምፕረሰር፣ በመቶ ሊትሮች የሚቆጠር ኩላንት ሽታ ሳያመጣ መያዝ፣ ለእያንዳንዱ ካተር የየራሱ ሆልደር ከነ ኮሌቱና ስፒንድሉ ከሚጎትተው ፑል ስታድ ጋር፣ ጥሩ ሞርሳ፣ ወለሉ። አዲስ መካከለኛ የቻይና ቪኤምሲ እዚያው ቻይና ከ20 እስከ 30 ሺ ዶላር አካባቢ ነው፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ክሬን። ምንዛሪው ደሞ ሐምሌ 2016 ገበያ መር ከሆነ በኋላ የድሮው ሂሳባችን ሁሉ ተቀዷል።

ከሱ የተማርኩትና ሌላ ቦታ ያላነበብኩት የከፍታውን ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። የስፒንድል ኢንቨርተርና ሞተር የሚቀዘቅዙት በአየር ስለሆነ ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 ፐርሰንት ቀንሱ ይላሉ፣ ለኛ ወደ 13 ፐርሰንት መሆኑ ነው። ኮምፕረሰሩም እንደዚሁ፣ ባህር ዳርቻ ላይ ከሚስበው አየር በክብደት ሶስት አራተኛውን ብቻ ነው እዚህ የሚስበው፣ ስለዚህ ካታሎጉ ልክ ይበቃል ያለው ኮምፕረሰር እዚህ ሳያርፍ ይሰራል። አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ግዙ።

ታህሳስ

መብራት። የኢንዱስትሪ ማሽን ምርጫ እዚህ አገር ግማሹ የመብራት ጥያቄ ነው።

ለሆቢው 220 ቮልት ሶኬት ይበቃዋል፣ መብራት ከሄደ ካተሩ ይሰበራል ወይ አይሰበርም፣ ዜሮህን መልሰህ ትይዛለህ፣ አበቃ። ትልቁ ማሽን ላይ ግን ካተሩ ስቲል ውስጥ እንዳለ ስፒንድሉ ሲቆም፣ ወደላይና ወደታች የሚሄደውን ዜዱን ብሬክ ይይዘዋል፣ ካርባይዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ስራውም ላይ ምልክት ይተዋል። ሙሉ ማሽኑን በዩፒኤስ መሸከም አይታሰብም። የሚሰራው ዘዴ ይሄ ነው፦ መብራት ሊረበሽ በሚችልበት ሰዓት ከባድ መፈልፈሉን ብቻ፣ ፊኒሹን መብራቱ ረጋ በሚልበት ሰዓት፣ ፕሮግራሙን ደሞ በየቱሉ ቆራርጦ ማስቀመጥ፣ ከመሀል ለመቀጠል እንዲመች። ስታቢላይዘርና የፌዝ መጉደል መከላከያ ሪሌ ያለ ክርክር ይገባሉ፣ አንድ ፌዝ ሲጎድል ሞተር የሚቃጠለው በደቂቃዎች ነው።

ሼዳችን 3 ፌዝ አለው፣ ለቶርኖውና ለፍሬዛው የገባ። አቅሙን ስናሰላ ትልቁን ቪኤምሲ ለመሸከም አቅም ማስጨመር አለብን፣ ያ ደሞ መቼ እንደሚያልቅ የማንም እጅ ላይ አይደለም። በዚሁ ትልቁ ቢቲ 40 ከዝርዝራችን ወጣ ማለት ይቻላል። ስቲል ሞልዱን ለቃሊቲው ሰው መስጠት እንቀጥላለን፣ እሱም ደስ ብሎታል።

ጥር

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተከፈተልኝ። "የኢንዱስትሪ" ስንል ሁላችንም አይምሮ ውስጥ የሚመጣው ያ ባለ 3 ቶን ማሽን ነው። ግን ታፒንግ ሴንተር ወይ ድሪል ታፕ የሚባል ሌላ ቤተሰብ አለ፣ ከቢቲ 40 ያነሰ ሆልደር ማለትም ቢቲ 30 ያላቸው፣ ፋኑክ ሮቦድሪል፣ ብራዘር ስፒዲዮ የመሳሰሉት። ትንሽ ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፣ የስልክ ቀፎ ከአሉሚኒየም የሚቆርጡት የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት የገዟቸው እነዚህን ነው፣ ሞዴሉ ሲቀየር እየሸጧቸው ያገለገለው ገበያ ሞልቷል። ለምሳሌ የተለመደው ሮቦድሪል 500 በ400 በ330 ሚሊ ይሄዳል፣ ክብደቱ 2 ቶን አካባቢ፣ የሚጠይቀው መብራት 10 ኪሎ ቮልት አምፔር ገደማ ነው። 10 ኪሎ ቮልት አምፔር በ380 ሲሰላ 15 አምፔር አካባቢ፣ የኛ መስመር ይችለዋል።

አንድ ነገር፣ የጃፓን ማሽኖች ስለሆኑ የሚፈልጉት 200 ቮልት 3 ፌዝ ነው፣ 380 ላይ በቀጥታ እንዳትሰኩ። ትራንስፎርመር ግዴታ ነው፣ ማሽኑ ጋ አብሮ መጥቶ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ከስራችን ጋር ሳስተያየው፦ ጃው በብራስም በስቲልም ይሰራል ቀለል አድርጎ ከተያዘ። የአሉሚኒየም ሞልድ ለዚህ ነው የተፈጠረው፣ 10,000 ዙር፣ 10 ሚሊ ባለ ሶስት ጥርስ፣ በጥርስ 0.08፣ በደቂቃ 2,400 ሚሊ ፊድ። ፒ20 ላይ ትንንሽ ስራ ይሞክራል፣ ከባድ መፈልፈል ግን የቢቲ 40 ስራ ነው፣ ቢቲ 30 ሆልደሩ ቀጭን ነው፣ በግድ ብላችሁ ብትገፉት ስፒንድሉን ነው የምትበሉት። ሁለት ከሶስት። መስከረም ላይ የፈለግነው ይሄን ነበር።

የካቲት

እዚሁ ከተማ የገባ አንድ ያገለገለ ባለ ቢቲ 30 አየን። ሻጩ "አዲስ ማለት ነው" ይላል፣ ይበል፣ እኛ ዳያል ጌጅ ይዘን ነው የሄድነው። ያየነውን በቅደም ተከተሉ እፅፋለሁ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ ስፒንድል፣ ምክንያቱም የዚህ አይነት ማሽን ቀን ከሌት ሲሮጥ የኖረ ነው፣ ከሁሉ ውዱም እሱ ነው። ከዝቅተኛ ዙር ጀምረን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረግን አስኬድነው፣ ጋሼ ጆሯቸውን በእንጨት ዘንግ ቀፎው ላይ አስደግፈው አዳመጡ፣ ረዥም ፉጨት የለውም አሉ፣ ከቆመ በኋላ ሙቀቱን በእጅ ነካን። የቴፐሩን፣ ሆልደሩ የሚገባበትን ሾጣጣ ቀዳዳ፣ አፍ በፋኖስ አየነው፣ ጭረትና ቡናማ ዝገት መሰል ምልክት ካለ ሆልደሩ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር ማለት ነው፣ ቱሉን ወደ ላይ የሚጎትቱት ስፕሪንግ ዋሸሮች ሲሰነጣጠቁ የሚመጣ ነው። ትንሽ ነበረው፣ በሰማያዊ ቀለም ግጥሚያውን ስናየው ግን በደንብ ይይዛል። ቴስት ባር የሚባለውን ቀጥ ያለ የመለኪያ ዘንግ አስገብተን ስናዞረው ንቅናቄው አፍንጫው አጠገብ 0.004፣ ጫፉ ላይ 0.01 ሚሊ ነው። ለኛ ስራ በቂ ነው።

ከዚያ ቦል ስክሪው። ዳያል ጌጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ በእጅ ዊሉ አንድ አንድ መቶኛ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ፣ ጠቋሚው ስንት ጠቅታ ዘግይቶ እንደሚነሳ መቁጠር። መሀል ላይ ብቻ አትለኩ፣ ሰው ሁሉ ሞርሳውን መሀል ስለሚያስር ስክሪው የሚበላው መሀሉ ነው፣ ዳሩን ለክታችሁ አወዳድሩ። ስለ ስክሪው ካነሳሁ፣ ሆቢ ማሽን ላይ በብዛት ያለው ሲ7 የሚባለው የትክክለኛነት ደረጃ ነው፣ በ300 ሚሊ ውስጥ 0.05 ሊሳሳት ይፈቀድለታል፣ ሲ5 0.018፣ ሲ3 0.008። የማሽን ዋጋ ልዩነት አንዱ ምንጭ ይሄ ነው፣ አይታይም ግን ጃው ጥርስ ለጥርስ ሲገባ ይታያል።

ሶስተኛ ባትሪ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ዋጋውም የከፋ ነው። የፋኑክ ኮንትሮል (የማሽኑ ኮምፒውተር) ፓራሜትሩን ማለትም የማሽኑን ቅንብር የሚይዘው በባትሪ በቆመ ሚሞሪ ላይ ነው፣ የአክሲሶቹን ቦታ ደሞ ሌላ ባትሪ። ማሽኑ ወደብ ላይና መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ባትሪው ካለቀ ፓራሜትሩ ይጠፋል፣ ከዚያ ያ ሁሉ ብረት ዝም ይላል። ስለዚህ መብራት ስጡት፣ የባትሪ አላርም ካለ እዩ፣ ባትሪውን የምትቀይሩት ማሽኑ በርቶ እያለ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ባካፕ። ሲነሳ ከስክሪኑ ስር ካሉት ቁልፎች የቀኝ ጫፎቹን ሁለቱን ተጭናችሁ ስትይዙ የቡት ገፁ ይመጣል፣ ከዚያ ሚሞሪውን እንዳለ ወደ ሲኤፍ ካርድ መገልበጥ ይቻላል። ከሻጩ ጋር ዋጋ ሳንነጋገር ያደረግነው ይሄን ነው፣ ፋይሉ አሁን ሶስት ቦታ ተቀምጧል።

መጋቢት

ገዛነው። ጋሼ ከፍሬዛቸው ጋር እንዳይነካካ ቦታውን ራሳቸው ለኩ።

ገንዘቡን በዝርዝር አልፅፍም፣ በየወሩ ስለሚቀያየር ነገ የሚያነበውን ሰው ያሳስታል። መጠኑን ግን ልንገራችሁ። ማሽኑ ከጠቅላላው ወጪ ሁለት ሶስተኛውን ነው የወሰደው፣ ቀሪው ትራንስፎርመር፣ ስታቢላይዘር፣ ኮምፕረሰር፣ ሆልደሮች፣ ኮሌት፣ ሞርሳ፣ ካተር፣ ክሬንና ወለል ነው። 6040 ቢሆን ኖሮም ከስፒንድሉ ውሃ እስከ ካተሩ ተጨማሪ ነበረው ግን በዚህ መጠን አይደለም። በጀታችሁን ሙሉ ለሙሉ ማሽኑ ላይ አታድርጉ፣ ሆልደር የሌለው ቪኤምሲ ቆሞ ይውላል።

አንድ ሰው እዚህ ቢጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው፣ ማስታወቂያ፣ እንጨት፣ አክሪሊክ፣ የአሉሚኒየም ሉህ ከሆነ ስራህ 6040 ግዛ፣ በሙሉ ልብ፣ ትልቁ ማሽን ለዚህ ስራ ጠረጴዛው ይጠበዋል፣ ዙሩም ያንስሃል። ጓደኛዬ በዚያ ማሽን ቤተሰብ ያስተዳድራል። ብረት ለብረት የሚገጥም ነገር የምትሰራ ከሆነ ግን ከሚዛኑና ከዳያል ጌጁ ጀምር።

ሚያዝያ

ወለሉ። ሼዱ ውስጥ ያለው ኮንክሪት ቀጭን ስለነበር የማሽኑን ቦታ ቆርጠን በፌሮ ደግመን ሞላነው፣ ደርቆ እስኪጠነክር ታገስን፣ ክሬኑ በበሩ ስለማይገባ ከውጭ አውርዶ በብረት ቱቦ ላይ እያንከባለልን ነው ያስገባነው። እግሮቹ ስር ወፍራም ላሜራ። ተራ ውሃ ልክ ለዚህ አይበቃም፣ በሜትር 0.02 ሚሊ የሚያሳየውን የማሽን ውሃ ልክ ተውሰን ጠረጴዛው ላይ በሁለቱም አቅጣጫ እያየን ቡሎኖቹን አስተካከልን፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግመን አየነው፣ ትንሽ ወርዶ ነበር፣ መለስነው።

ሶፍትዌሩ ላይ ደሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፊውዥን የሚባለው የካተሩን መንገድ የሚያወጣ ሶፍትዌር የግል ነፃ ፈቃዱ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈጣኑን እንቅስቃሴ በፊድ ፍጥነት ነው የሚያወጣው፣ ቱል መቀየርም በአንድ ፕሮግራም አይፈቅድም። ሆቢ ማሽን ላይ አይሰማችሁም፣ ባለ ብዙ ቱል ማሽን ላይ ግን የማሽኑን ግማሽ ጥቅም ያስቀራል፣ ለንግድም አይፈቀድም። ፍሪካድ ነፃ ነው፣ ለጃው አይነት ስራ እሱን ነው የምንጠቀመው። ለሞልዱ የሚከፈልበትን ለመያዝ እየቆጠብን ነው።

ግንቦት

የመጀመሪያው የብራስ ጃው ጥንድ ወጣ። ካርቦን ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠቆረ። ጋሼ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዘው አገላብጠው አዩትና ምንም ሳይሉ ሁለተኛውን ብራስ ሞርሳው ላይ አሰሩ፣ ዜሮ መያዙን አሁን ራሳቸው ነው የሚሰሩት፣ እኔ ፕሮግራሙን ብቻ ነው የምልክላቸው፣ "ልጄ ይሄን ቁጥር አንተ ፃፈው፣ ካተሩን የት እንደማስነካ እኔ አውቃለሁ" ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ሽሮ የሚያሽገው ደንበኛ ጃውን ወስዶ ገጥሞታል፣ እስካሁን ከረጢት ተነፈሰብኝ አላለም።

የቀረው ብሎው ሞልዱ ነው። ፕሮግራሙ ትልቅ ስለሆነ ኮንትሮሉ ሚሞሪ ውስጥ አይገባም፣ ከሲኤፍ ካርዱ እያነበበ በዲኤንሲ እንዲቆርጥ ማድረግ አለብን፣ በሙከራ ፋይል ስንሄድ ጠባብ ኩርባ ላይ ፊዱ ይንተፋተፋል፣ ኮንትሮሉ ወደፊት የሚያነበው መስመር ጥቂት ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ስለዚህ ካም ላይ፣ ፕሮግራሙን በሚያወጣው ሶፍትዌር፣ ቁርጥራጭ መስመሮቹን ወደ አርክ የሚቀይረውን አማራጭ አብርተን፣ ቶለራንሱን ከ0.01 ወደ 0.02 አስፍተን እንሞክራለን። 6061ው ተገዝቷል፣ ሁለቱ ግማሾች የሚገጣጠሙባቸውን የፒን ቀዳዳዎች መጀመሪያ አውጥተን ከዚያ ቅርፁን እንገባለን። ውጤቱን እዚሁ እጨምራለሁ።